ቆጣሪው ወደ ኋላ ሲዞር፦ የጣሪያ ሶላርና የመብራት መስመር እንዴት ተግባቡ?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጣሪያው ላይ አሥር የሶላር ፓነል የደረደረ ቤት አለ እንበል። ባትሪ የለውም፤ ፓነሎቹ ከመብራት መስመሩ ጋር ተገናኝተዋል። ሰማዩ ብራ ነው፣ ሰዓቱ ከቀኑ 6፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ድንገት የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ያ ቤት መብራት ይኖረዋል?

ብዙ ሰው «እንዴታ! ፀሐይ እያለች?» ይላል። መልሱ ግን «አይኖረውም» ነው። ፓነሎቹ ፀሐይ እየሞቁ፣ የዚያ ቤት ፍሪጅ ከጎረቤቱ ፍሪጅ እኩል ይቆማል። ብልሽት እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ እንዲህ እንዲሆን ነው የተሠራው። ይህን የሚያደርገውም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ማንም ልብ የማይለው አንድ ሣጥን ነው። ኢንቨርተር ይባላል።

ለቤቱ ትንሽ ሶላር በራሱ እጅ መገጣጠም የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ፓነሉ ነው። ስንት ዋት ነው? የየት አገር ሥራ ነው? ዋጋውስ? እኔ ግን ዋናው ምርጫ ኢንቨርተሩ ላይ ነው ባይ ነኝ። ፓነሉ ብርሃን ሲያገኝ ኮረንቲ ይሰጣል፣ ካላገኘ ዝም ይላል፤ ሌላ ጠባይ የለውም። ኢንቨርተሩ ግን ጠባይ አለው። ያንን ጠባይ ያገኘው ደግሞ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፈጀ ክርክር፣ ሕግና አንዳንዴም በከባድ ስህተት ነው። የማወራችሁ ያንን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። እኛ አገር «ሶላር» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከመብራት መስመር የራቀ ቤት፣ አንዲት ትንሽ ፓነል፣ ባትሪና ሁለት ሦስት አምፖል ነው። ይሄኛው ራሱን የቻለ ነው፤ ቀን ባትሪው ውስጥ ያጠራቅማል፣ ማታ ያበራል። ከማንም ጋር መስማማት አይጠበቅበትም። እዚህ የያዝነው ሌላኛውን ነው፤ ከመብራት መስመሩ፣ ማለትም ከግሪዱ ጋር የሚያያዘውን። እሱ ቀን የተረፈውን ወደ መስመሩ ይለቃል፣ ማታ ከመስመሩ ይወስዳል። ተያያዘ ማለት ደግሞ ከሺዎች ጋር አብሮ መኖር ጀመረ ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው በነፋስ ነው

በ1973 የነዳጅ ዋጋ በአንድ ጊዜ ሰማይ ሲነካ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው «ኃይል በራሳችን ብናመነጭስ?» ማለት ጀመረ። ከእነዚህ ውስጥ የኒውዮርክ ድሃ ሰፈር ሰዎች ይገኙበታል። ማንሃታን ውስጥ፣ ምሥራቅ 11ኛ መንገድ ላይ፣ ቁጥር 519 የሆነ ፈርሶ የተተወ ፎቅ ነበር። ነዋሪዎቹ ራሳቸው በጉልበታቸው አደሱት። ጣሪያው ላይ ውሃ የሚያሞቅ ሶላር ገጠሙ፤ በ1976 ደግሞ 2 ኪሎዋት የሚያመነጭ የነፋስ ማሽን አቆሙበት። ከተማ መሃል፣ ፎቅ አናት ላይ፣ የሚሽከረከር ፕሮፔለር!

የተረፈው ኃይል የከተማዋ መብራት አከፋፋይ ወደሆነው ወደ ኮን ኤዲሰን መስመር ይሄድ ነበር። የዚያን ዘመን ቆጣሪ ውስጥ አንድ የአሉሚኒየም ዲስክ አለ፤ ትልልቆቹ ቤት አሁንም አይታችሁት ይሆናል። ዲስኩ ትንሽ ሞተር ነው። ኃይል ወደ ቤት ሲገባ ወደ ፊት ይዞራል፤ ከቤት ሲወጣ ወደ ኋላ ይዞራል። ማንም እንዲህ እንዲያደርግ አላዘዘውም፤ ተፈጥሮው ነው። ከኩባንያው ዓይን ስታዩት ግን ደንበኛው ሒሳቡን በገዛ እጁ እየደመሰሰ ነው።

ኩባንያው ተቃወመ። ጉዳዩ የግዛቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ዘንድ ደረሰ፤ ኮሚሽኑም በ1977 ለነዋሪዎቹ ፈረደ። አንዲት 2 ኪሎዋት ማሽን ለዚያ ግዙፍ ከተማ ከባሕር ላይ እንደ ጭልፋ ውሃ ናት። ጥያቄው ግን ትልቅ ነበር፤ መስመሩ ኃይል የሚሸጥበት ብቻ ነው ወይስ ማንም የሚያዋጣበት? በቀጣዩ ዓመት፣ ኖቬምበር 1978፣ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር «ፐርፓ» ተብሎ የሚጠራውን የፌዴራል ሕግ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ አከፋፋዮች ከትንንሽ አምራቾች ኃይል የመግዛት ግዴታ ተጣለባቸው። በ1983 ደግሞ የሚኒሶታ ግዛት የሚወጣው ከሚገባው ላይ እየተቀናነሰ ሒሳቡ እንዲሠራ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ቆጣሪው ወደ ኋላ መዞሩ ጥፋት መሆኑ ቀረና መብት ሆነ።

ዥዋዥዌ መግፋት

ሕጉ ተፈቀደ እንበል። ግን እንዴት ነው የሚያያዘው? የፓነል ኮረንቲ ዲሲ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል። የግሪዱ ኮረንቲ ኤሲ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፣ እኛ አገርና አውሮፓ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ አሜሪካ 60 ጊዜ። ዲሲውን ወደ ኤሲ መለወጥ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ምቱ ከግሪዱ ምት ጋር መግጠም አለበት።

ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ስትገፉ አስቡት። ልጁ ወደ እናንተ እየመጣ ሳለ ብትገፉት እሱም ይደነግጣል፣ የእናንተም ክንድ ይጎዳል። ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል ብትገፉት ግን ትንሽ ጉልበት ይበቃል። የኢንቨርተር ሥራ ይኸው ነው፤ ግሪዱን እያየ፣ በትክክለኛው ቅጽበት፣ በሰከንድ 50 ጊዜ መግፋት።

በ1970ዎቹ አሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ይሠራ የነበረው «ጀሚኒ» የተባለው ኢንቨርተር ይህን የሚያደርገው ታይሪስተር በሚባል ማብሪያ ነበር። ታይሪስተር አስቂኝ ጠባይ አለው። ማብራት ቀላል ነው፤ አንዴ ከበራ ግን በራሱ አይጠፋም፣ ኮረንቲው ዜሮ እስኪደርስ ድረስ ይጠብቃል። ታዲያ ማን ያጠፋዋል? የግሪዱ መመላለስ ራሱ። ስለዚህ ግሪድ ከሌለ ይህ ኢንቨርተር በአብዛኛው መሥራት አይችልም። ሞገዱም ሻካራ ነበር፤ ከሚፈለገው ለስላሳ ቅርጽ ይልቅ ማዕዘናማ ነገር ነው የሚያወጣው።

በ1981 ማሳቹሴትስ ውስጥ ካርላይል በምትባል ከተማ፣ አርክቴክቱ ስቲቨን ስትሮንግ ጣሪያው ራሱ ከ7 ኪሎዋት በላይ ሶላር የሆነ ቤት ሠራ። ባትሪ አልነበረውም፤ የተረፈው ወደ መስመሩ ይሄዳል። ዛሬ የምናውቀው የቤት ሶላር መልኩ ሙሉ ለሙሉ እዚያ ቤት ላይ ነበር ማለት ይቻላል። የጎደለው ዋጋው ነው። በ1977 የ1 ዋት የሶላር ሴል ዋጋ 76 ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ1 ዶላር እጅግ በታች ነው። በ1981 እንዲህ ያለ ጣሪያ የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ካላገኘ የሚታሰብ አልነበረም።

ደሴቱ

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን ደረስን። ትራንዚስተሮች እየተሻሻሉ ሲመጡ ኢንቨርተሮች ከግሪዱ ጥገኝነት ወጡ። ራሳቸው ያበራሉ፣ ራሳቸው ያጠፋሉ፣ ሞገዳቸውም ጥርት ያለ ሆነ። ጥሩ ዜና ይመስላል አይደል? ችግሩ የመጣው ከዚሁ ነው። አሁን ግሪዱ ቢጠፋም ኢንቨርተሩ መቀጠል ይችላል።

አንድ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቶ መስመር ሊጠግን ነው። ከማከፋፈያ ጣቢያው ኃይሉ ተቋርጧል፤ መስመሩ «ሞቷል» ብሎ ያምናል። ታች ግን አንድ ቤት ፀሐይ ላይ ነው፣ ኢንቨርተሩም እየሠራ ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ደግሞ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከላይ ሲመጣለት ዝቅ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ከታች ሲመጣለት ከፍ ያደርጋል። እኛ ሰፈር ብዙ ጊዜ የላይኛው መስመር 15,000 ቮልት ነው። ከአንድ ቤት የወጣ 220 ቮልት ምሰሶው ላይ በሺዎች ቮልት ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል ማለት ነው። ዙሪያው ሁሉ ጠፍቶ ብቻውን የሚበራውን ክፍል መሐንዲሶች «ደሴት» ይሉታል። አደገኛ ደሴት ነው።

ስለዚህ ኢንቨርተሩ ግሪዱ መኖር አለመኖሩን የሚያውቅበት ዘዴ መፈጠር ነበረበት። ቮልቴጁን መለካት ብቻ አይበቃም፤ ራሱ ያወጣውን ቮልቴጅ እየለካ «አለ» ብሎ ሊታለል ይችላል። ካገኟቸው መፍትሔዎች አንዱ በጣም ደስ ይለኛል። ኢንቨርተሩ ፍሪክዌንሲውን በየጊዜው ትንሽ ገፋ ያደርገዋል። ጨለማ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ግድግዳ እንደሚፈልግ ሰው ማለት ነው። ግሪዱ ካለ፣ ከእሱ ጋር በሺዎች ሜጋዋት የሚቆጠሩ ጄኔሬተሮች ስላሉ ንቅንቅ አይልም። ፍሪክዌንሲው እሺ ብሎ ከተንሸራተተ ግን ግድግዳው የለም፤ ብቻውን ቀርቷል። ወዲያው ያጠፋል። በ2003 የወጣው አይትሪፕልኢ 1547 የተባለው የአሜሪካ መመዘኛ ለዚህ የሰጠው ጊዜ 2 ሰከንድ ነው።

ስለዚህ መብራት በሚመላለስበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ የታሪክ ዝርዝር ብቻ አይደለም። ከግሪድ ጋር የሚያያዝ ተራ ኢንቨርተር የገዛ ሰው በጣም በሚፈልገው ሰዓት ይጨልምበታል። መብራት ሲጠፋም እንዲሠራለት ከፈለገ፣ ባትሪ የሚቀበልና ቤቱን ከመስመሩ ቆርጦ ለብቻው ማብራት የሚችል ኢንቨርተር ያስፈልገዋል። «ሃይብሪድ» የሚባለው ነው። ዋጋው ይበልጣል። ሳጥኖቹ ሲታዩ ግን መንታ ስለሚመስሉ፣ ከመግዛት በፊት ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል።

333 ጣሪያ

በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ መንግሥታትና ትልልቅ ኩባንያዎች የሚያስቡት ሜዳ ላይ ስለሚተከል ግዙፍ የሶላር ጣቢያ ነበር። ማርኩስ ሬያል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ «ጣሪያው ሞልቶ ሳለ መሬት ለምን?» አለ። 1 ሜጋዋት እንገንባ፤ ግን 333 ቤቶች ላይ፣ ለእያንዳንዳቸው 3 ኪሎዋት አድርገን። አባዙት፤ 999 ኪሎዋት ይመጣል። አንዷን ኪሎዋት ማንም አልጠየቀውም። ፈቃደኛ የቤት ባለቤቶች ተገኙ፤ ተራ ሰው የኃይል ጣቢያ ባለቤት ሊሆን እንደሚችልም ታየ።

ጀርመን በ1990 «የ1,000 ጣሪያዎች» የሚባል ፕሮግራም ጀመረች፤ በ1995 ሲያልቅ የተገጠሙት ከ2,000 በላይ ነበሩ። እንዲያው ፀሐይን በተመለከተ ጀርመን ከእኛ ጋር የምትወዳደር አገር አይደለችም፤ ክረምቷ ጨለማ ነው። ያሸነፈችው በሕግ ነው። ከ1991 ጀምሮ አከፋፋዮች የታዳሽ ኃይል እንዲገዙ ታዘዙ፤ በ2000 ደግሞ ለእያንዳንዱ የሶላር ኪሎዋት ሰዓት 99 ፕፌኒግ ለ20 ዓመት የሚያስከፍል ሕግ ወጣ። አባወራው አስልቶ ባንክ ሄዶ ተበደረ።

በዚያው ጊዜ ካስል ከተማ አጠገብ ያለው ኤስኤምኤ የተባለ ኩባንያ በ1995 «ሰኒ ቦይ» የሚባል ትንሽ ኢንቨርተር አወጣ። ከዚያ በፊት የተለያዩ የፓነል መስመሮች አንድ ሣጥን ውስጥ ተሰብስበው በወፍራም የዲሲ ገመድ ወደ አንድ ትልቅ ኢንቨርተር ይወርዱ ነበር። ሰኒ ቦይ ነገሩን አቀለለው፤ ፓነሎቹን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንዱን ከአንዱ አያይዝ፣ ጫፉን እዚህ ሰካ፣ አለቀ። ቤቱ ውስጥ በራሱ መሥራት ለሚወድ ሰው በር የከፈተው ይህ ነው። ያዝ አድርጉት፤ ሒሳብ አለው።

ፓነሎች እንደ ዶቃ ሲያያዙ ቮልቴጃቸው ይደመራል። አንድ ፓነል ምንም ሳይሰካበት 40 ቮልት ይሰጣል እንበል፤ ኢንቨርተሩ ደግሞ ከ600 ቮልት በላይ አይችልም። 14 ፓነል ማያያዝ ይቻላል? 14 ሲባዛ በ40፣ 560 ቮልት። የሚቻል ይመስላል። ግን 40 ቮልት ተብሎ የተጻፈው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ፓነል ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቮልቴጁ ይጨምራል፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 በመቶ ገደማ። ጀርመን ውስጥ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ ጥርት ያለ የጥር ጠዋት አስቡ። ከ25 እስከ እዚያ 35 ዲግሪ ነው፤ 35 ሲባዛ በ0.3፣ 10.5 በመቶ። ፓነሉ 44.2 ቮልት ሆነ፤ 14ቱ 619 ቮልት። ኢንቨርተሩ ይቃጠላል። ፀሐይ ጠላቱ ሙቀት ሳይሆን ብርድ ሆኖ መገኘቱ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር ነው። 13 ቢሆኑ 575 ቮልት ላይ ይቆሙ ነበር።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የብዙ መቶ ቮልት ዲሲ ከሶኬታችን ኤሲ ይከፋል። ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ፣ ማጥፊያ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ እዚያው ይሞታል። ዲሲ ዜሮን አያልፍም፤ ብልጭታው ተንጠልጥሎ መንደዱን ሊቀጥል ይችላል። ለኤሲ የተሠራ ርካሽ ብሬከር ዲሲ መስመር ላይ መግጠም እሳት መጋበዝ ነው። ፀሐይ ደግሞ ማጥፊያ የላትም። የባለሙያ እጅ የሚያስፈልገው ቦታ ካለ ይህ ነው።

ሁሉም በአንድ ላይ ቢያጠፉስ?

ኢንቨርተሩ ማጥፋት እንዲያውቅ ተደረገ ብለናል። ጀርመኖች ከደንቦቻቸው አንዱን እንዲህ ጻፉት፦ ፍሪክዌንሲው 50.2 ሲደርስ ኢንቨርተሩ ይጥፋ። ጥቂት ሺህ ጣሪያ ብቻ በነበረበት ጊዜ ይህ ምንም ችግር የለውም። በ2011 መጨረሻ ላይ ግን ጀርመን 25,000 ሜጋዋት ገደማ ሶላር ነበራት። አንድ እሑድ ቀን፣ ፀሐይ በሞላበት፣ በሆነ ምክንያት ፍሪክዌንሲው 50.2 ቢነካ? በመላው አገሪቱ ያሉ ኢንቨርተሮች እንደ ታዛዥ ወታደር በአንድ ቅጽበት ይጠፋሉ። የአውሮፓ ግሪድ ደግሞ በድንገት እንዲሸከም የተዘጋጀው 3,000 ሜጋዋት ቢጎድል ነው። የእያንዳንዱን ቤት ደኅንነት የሚጠብቀው ደንብ የአህጉሩን መብራት ሊያጠፋ ተቃርቦ ነበር።

በ2012 ማስተካከያ እንዲደረግ የሚያዝ ደንብ ወጣ፤ 315,000 ገደማ ተከላዎችን የሚመለከት። ባለሙያ በየቤቱ እየሄደ፣ ኢንቨርተሮቹ በአንድ ላይ ሳይሆን በተለያየ ነጥብ ወይም ቀስ እያሉ እንዲቀንሱ ማስተካከል ነበረበት። በ2015 ሃዋይ ደሴቶች ላይ ተመሳሳይ ችግር ሲገጥም ግን መፍትሔው ሌላ መልክ ነበረው። ኤንፌዝ የተባለው ኩባንያ 800,000 ገደማ ትንንሽ ኢንቨርተሮችን በኢንተርኔት ከሩቅ አስተካከለ፤ ማንም መሰላል አልወጣም። ይህ ድንቅ ነው፤ ትንሽም ያስፈራል። ቤታችሁ ጣሪያ ላይ ያለውን ዕቃ ሌላ ሰው ከሩቅ ሊለውጠው ይችላል ማለት ነውና፣ የኢንቨርተር ምርጫ ዛሬ ይህንንም ይጨምራል።

በረንዳው

ኤንፌዝ ራሱ የተወለደው ከአንድ ጣሪያ ብስጭት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ማርቲን ፎርናዥ የገዛ ቤቱ ሶላር ከሚጠበቀው በታች ሲያመነጭ አየ። እንደ ዶቃ ሲያያዙ አንዱ ፓነል ጥላ ካረፈበት ሌሎቹንም ይጎትታል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ፓነል ለብቻው ትንሽ ኢንቨርተር ከጀርባው መለጠፍ ነበር፤ ማይክሮ ኢንቨርተር። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ሆላንድ ውስጥ በ1990ዎቹ ተሠርቶ ነበር። በገበያ የተስፋፋው ግን ኤንፌዝ በ2008 የመጀመሪያውን ካወጣ በኋላ ነው። ከፍተኛውን የዲሲ ቮልቴጅ ከጣሪያው ያስወግዳል፤ ዛፍ ወይም የጎረቤት ፎቅ ጥላ ለሚጥልበት ቤት እኔ ይህን እመርጣለሁ። ጥላ ለሌለበት ሰፊ ጣሪያ ግን ተጨማሪ ወጪ ነው።

ትንንሾቹ ኢንቨርተሮች ሌላም መዘዝ ነበራቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ «ሆም ፓወር» የሚባለው መጽሔት «ሽምቅ ሶላር» እያለ የጠራቸውን ሰዎች ታሪክ ያወጣ ጀመር። አንድ ሁለት ፓነልና 100 ዋት ገደማ የሆነ ኢንቨርተር ገዝተው፣ ለአከፋፋዩ ሳይናገሩ፣ ቤታቸው መስመር ላይ የሰኩ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አይናገሩም። አድርጉት ማለቴ አይደለም፤ ያልተፈቀደ ነገር ሲበላሽ የሚጎዳው ምሰሶ ላይ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ጀርመን ውስጥ ያው ነገር ከሱቅ ይገዛል። ሁለት ፓነል፣ አንድ ማይክሮ ኢንቨርተርና ጫፉ ላይ መሰኪያ ያለው ገመድ፤ በረንዳ ላይ አንጠልጥሎ ሶኬት ውስጥ መሰካት ነው። መሰኪያው ቢነቀል ሹካዎቹ ላይ የቀረ ኮረንቲ ሰው አይመታም ወይ የሚለው ክርክር ብዙ ተካሂዷል፤ መልሱ ያው ደሴቱን እንዲያውቅ የተማረው ኢንቨርተር ነው፣ ግሪዱን ባጣ ቅጽበት ይሞታል። በሜይ 2024 የጸናው ሕግ ኢንቨርተሩ እስከ 800 ዋት፣ ፓነሎቹ ደግሞ እስከ 2,000 ዋት እንዲሆኑ ፈቀደ። ፓነሉ ከኢንቨርተሩ የበለጠበት ምክንያት አለው፤ ፓነል ላይ የተጻፈው ዋት የሚገኘው ሁሉ ነገር ሲመቻች ነው፤ ደመና ባለበትና በክረምት ግን ትርፍ ፓነል ያለው ያሸንፋል። በ2025 የተመዘገቡት የበረንዳ ሶላሮች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

ያ ሕግ አንዲት አስገራሚ አንቀጽ አለችው። ቤቱ ያለው አሮጌው ባለዲስክ ቆጣሪ ከሆነ፣ ሰውየው አዲስ ቆጣሪ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም። ተመዝግቦ ይሰካል፤ ሠራተኛው መጥቶ እስኪቀይርለት ድረስም ዲስኩ ወደ ኋላ ቢዞር ዝም ይባላል።